ቀድሞ የመጣው ማር

ይርጋዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀረው። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተስ ዐርፈሃል። ዕረፍት ያጣሁት እኔ ነኝ። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ቀልቤ አልሰበሰብ ብሎኝ ቁጭ ብድግ ስል ሰነበትኩ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ከመድረሱ በፊት ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ፣ ከአንተ ሌላ ደግሞ የምነግረው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እሠራዋለሁ ስትለኝ የነበረውን የበር እጀታ አናጢ ጠርቼ በግማሽ ሰዓት አሠራሁት። ተናደድኩብህ፤ ከዚያ አለቀስኩ። የፊዚክስ መጻሕፍትህን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ። ጃኬትህ ግን እዚያው እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ሥራህ ልምጣ። ስትጀምረው ትዝ ይልሃል? ከሰቆጣ ዙሪያ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች አንዳንድ ‘ታላቅ’ ልፈልግላቸው ብለህ ተነሣህ። ነርሱም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዋም ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ትምህርት ቤት ግቢ መጥተው ከልጃቸው ጋር ይቀመጡ ነበር። ማስጠናት ብቻ አልነበረም፤ ምን በላህ፣ አከራይሽ እንዴት ናት፣ ማክሰኞ ለምን ቀረህ ብሎ መጠየቅም ነበረበት። አንተ በቋንቋቸው በኽምጣንጋ ሰላምታ ስትሞክር ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብህ ነበር። ከሳቁብህ በኋላ ግን እነሱም በአማርኛ መሳሳት አያሳፍራቸውም ነበር።

አንዲት ሕግ ነበረችህ፤ ዝውውር የጠየቀ ሠራተኛ ልጅ አይሰጠውም። በዚህች ሕግ ስንቴ ተጨቃጨቅን! ከሌላ አገር ተመድቦ ሰቆጣ የመጣና ዝውውር ያልጠየቀ ሠራተኛ ከየት ይገኛል ስልህ ሻይህን ማማሰል ትጀምር ነበር። ዘጠኝ ታላቅ ብቻ ይዘህ ቀረህ። ግትር ነበርክ።

አንተ ካለፍክ በኋላ ሥራውን እኔ ያዝኩት፣ ሕግህንም ጣልኳት። በአዳራሽ ባነር ተሰቀለ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ ሠላሳ ልጅ በዕጣ ተከፋፈልን። አልዋሽህም፣ የበለጥኩህ መስሎኝ ነበር። ጥር ላይ ዝውውር ሲወጣ ግማሹ ታላቅ ሄደ። ልጁን እንኳ ሳይሰናበት በወልድያ አውቶቡስ የወረደም አለ። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ የግቢውን በር ሲያዩ ረፈደ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ ለአንዳቸውም ሳልሆን ቀረሁ።

ትርንጎን ግን ለዕጣ አልሰጠኋትም። አንተ የጀመርካት ልጅ ናት፣ እኔ እጨርሳታለሁ ብዬ ወሰድኳት። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት በተቋረጠባቸው ዓመታት ወደኋላ ባትቀር ኖሮ ይኼኔ ልትጨርስ ነበር። የደበቅኩህን እንግዲህ ስማ። ከቀብርህ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ወደ ደብረ ታቦር የዝውውር ቅጽ ሞልቻለሁ። እናቴ ብቻዋን ናት፣ እኔም ይህ ቤት ጠቦኝ ነበር። ለትርንጎ ትንፍሽ አላልኩም። በሁለተኛው ዙር ስሜ ወጣና በምሠራበት ቢሮ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ትርንጎ አነበበችው። አማርኛ ማንበቧን ያሳመርክላት ደግሞ አንተው ነህ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተር ሳትይዝ መጣች። በነጠላዋ ጠቅልላ የያዘችው አንድ ዕቃ ነጭ ማር ነበር። አባቷ ነው የላከው። እዚህ ወላጆች አገር ለሚለቅ ሠራተኛ ማር እንደሚልኩ ታውቃለህ። አንተ ታመህ ሳለ ለአንተም ልኮ ነበር አሉ፤ ከመንደር ተነሥቶ ሳይደርስልህ ቀረ። የመምህሩ ስለዘገየ የእሷ ቀድሞ ይድረስ ብሏል አባቴ አለችኝ። ስለደከምኩላት አመሰገነችኝ። አላለቀሰችም፣ ለምን ብላም አልጠየቀችኝም፤ ሰው መሸኘት ለምዳለች። እኔ ጉደኛዋ በሁለት እጄ ተቀበልኩና እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። የመሸኛ ማር የተቀበለ ሰው ሄጃለሁ ማለቱ አይደል? ልመልሰው ብል ደግሞ ነውር ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የዝውውር ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ። ሻንጣ አወርዳለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። ቢሮ የባለጉዳይ ስም እሳሳታለሁ። እናቴ ደውላ መቼ ነው የምትመጪው ስትለኝ ኔትወርክ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁባት። ኔትወርኩ ደኅና ነበር።

እንግዲህ ቆርጫለሁ። የመሸኛ ማር ተሸኚው ለብቻው ይዞት የሚሄደው ነው፤ አብረን ከበላነው መሸኛነቱ ይቀራል። ነገ ዳቦ ገዝቼ ማሩን ግቢው ውስጥ እከፍተዋለሁ። ሕግህን መልሼ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፣ ሥሯ መጀመሪያ የሚጻፈው ስም የእኔ ነው። ሰኞ ደብዳቤውን ለቢሮው እመልሳለሁ። ለእናቴ ምን እንደምላት ገና አላውቅም። ወደዚህ ላምጣት ይሆን? ሰቆጣ ሩቅ ነው ትለኛለች።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ትርንጎ ተሰናብታኛለች፤ ነገ ለምን ትመጣለች? ካልመጣች እስከ መንደሯ እሄዳለሁ፣ አባቷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንተን ማስታወስ ለእኔ ፎቶህን መወልወል አይሆንም፣ ይርጋዬ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አግዳሚው ላይ ቀድሜ እገኛለሁ። እስካሁን የግቢውን በር ሲያዩ የኖሩት ልጆቹ ናቸው፤ ነገ የማየው እኔ ነኝ።