በአምባሰል አፋፍ ላይ ንስር ሲጠብቁ የኖሩት መምህር ዝናው አያሌው

(1950–2018 ዓ.ም.)

መምህር ዝናው አያሌው ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች እንድሪስ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በአምባሰል ወረዳ ከውጫሌ ከተማ በላይ በሚገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታችን ቀድመው በማረፋቸው እኔን ታናሽ ወንድማቸውን አንዳርጋቸውን ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በውጫሌ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተከታትለው በ1971 ዓ.ም. የመምህርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀቁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛውን ዘመናቸውን በሐይቅ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ሆነው አገልግለዋል። ተማሪ በቁጣ አያስተምሩም ነበር። የተጠየቁትን ነገር የማያውቁት ከሆነ «አላውቀውም፤ አይቼ እነግርሃለሁ» ይሉና በሳምንቱ መልሱን ይዘው ይመጣሉ።

በጥር ወር 1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሕይወት ጋር ጋብቻ መሥርተው ስህንን እና ሳምሪን ወልደዋል። ሠርጉ መጀመሪያ የታሰበው ለጥቅምት ነበር። ወደ ጥር የተገፋበትን ምክንያት ወይዘሮ ሕይወት ዛሬም ድረስ እየሳቁ ያነሡታል፤ ጥቅምት የንስር ወር ነው።

ከመንደራችን በላይ ምሥራቁን ቆላ ቁልቁል የሚያሳይ የገደል ጫፍ አለ። የአገሩ ሰው አፋፉ ይለዋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የሩቅ ሰሜንን ብርድ የሸሹ ንስሮች፣ ጭላቶችና ጭልፊቶች በዚያ በኩል ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ፀሐይ ቋጥኙን ስታሞቀው ከሥሩ አየር ይነሣል፤ ወፎቹም ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በዚያ አየር ላይ እየዞሩ ሽቅብ ይወጡና ከዓይን ሊጠፉ ሲቃረቡ ክንፋቸውን ዘርግተው ይነጉዳሉ። መምህር ዝናው ይህን ያስተዋሉት ገና ወጣት መምህር ሳሉ ነው። በኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ የአእዋፍ ተመልካቾች አቅርቦ ማሳያ መነጽር ትተውላቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በወቅቱ ከሐይቅ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ፣ ከውጫሌ በእግር ወደ አፋፉ መመላለስ የሕይወታቸው ልማድ ሆነ። ተማሪዎቻቸውንም ቅዳሜ ቅዳሜ ያወጡ ነበር።

በአፋፉ ላይ ከጎናቸው የማይለዩት አቶ ኑርዬ ናቸው። አቶ ኑርዬ ከገደሉ ሥር የሚያርሱ ገበሬ፣ የወንድሜም የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሪማ ግን ነገሩን አይወዱትም ነበር። ጭላት ጫጩት በነጠቀባቸው ቁጥር ወንድሜን መንገድ ላይ ጠብቀው ዘመዶችዎ ዛሬም መጡብኝ ይሏቸዋል። ወንድሜም ጭላትና ንስር ለየቅል መሆናቸውን በትዕግሥት ያስረዳሉ። ወይዘሮ መሪማ ያም ሆነ ይህ ጫጩቴ ሄዷል ብለው ይዘጉታል።

ወንድሜ ስለ ወፍ አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ የሩቅ እንግዶች አንድ ብርቅ ጭልፊት ማየት ፈልገው መጡ። ሰማዩ ባዶ ዋለ። አጅቧቸው የመጣው ሰው ትናንት እዚሁ ታይቷል እንዲሉለት በጥቅሻ ቢለምናቸው «እኔ አላየሁትም» ብለው እንግዶቹን እንዳዘኑ ሸኟቸው። ይህን ያነሣሁት ቀጥሎ የምጽፈው እንዲገባ ነው።

ወንድሜ ከጡረታ በኋላ ወደ መንደራችን ተመልሰው ሲኖሩ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ደረሰ። ሰው እየተንጋጋ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሸሸ። ወንድሜ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን በመጨረሻው መኪና ሰደዱ። እሳቸው ግን ቀሩ። እናታችን ወይዘሮ ተሾመች የአልጋ ቁራኛ ስለነበሩ ሊነሡ አይችሉም ነበርና ነው።

መሸሽ ያልቻለው የመንደሩ ሰው ከአፋፉ ፊት ለፊት ባለው ፈፋ ውስጥ ተደበቀ። ወጣቶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከብታቸውን ይዘው እዚያ ገቡ። ወይዘሮ መሪማ እና ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር የነበረችው ልጃቸው ሐቢባም እዚያ ነበሩ። ወንድሜና አቶ ኑርዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በየተራ ወደ አፋፉ እየወጡ በመነጽሩ መንገዱን ይጠብቁ ጀመር። ወደ ፈፋው የሚወርድ ታጣቂ ካዩ ለተደበቁት ምልክት ሊሰጡ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ረፋድ ሁለቱም አብረው ወጥተው ነበር። ፊታቸው ወደ መንገዱ እንደሆነ ታጣቂዎች በጀርባቸው መጡባቸው። የሸሚዛቸውን አንገትጌ ይዘው ጣሏቸው። ወንድሜ ጎናቸውን በሰደፍ ተመቱ። የታጣቂዎቹ አለቃ በዕድሜ ከወንድሜ ተማሪዎች የማይበልጥ ወጣት ነበር፤ መነጽሩን ከመሬት አንሥቶ ምን እያዩ እንደሆነ ጠየቃቸው። ወንድሜ ንስር እያየሁ ነው አሉ። በጦርነት መካከል ንስር የሚያይ ሰው አለ ወይ አላቸው። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊትም ንስሩ በዚህ ጊዜ ያልፍ እንደነበር፣ እሳቸውም በየዓመቱ እዚህ ቦታ ላይ እንደሚጠብቁት ነገሩት።

አለቃው መነጽሩን ራሱ ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆላውን መቃኘት ጀመረ። ቆየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚያ ፈፋ ላይ አሞራ ይዞራል። ከሥሩ ምንድን ነው ያለው?»

ከሥሩ ያለውን ወንድሜም አቶ ኑርዬም ያውቃሉ። በዋዜማው የአቶ ኑርዬ በሬ ከቋጥኝ ወድቆ ተሰብሮ ስለነበር የተደበቁት ሰዎች አርደውት፣ ሥጋውን በገመድ ላይ ሰቅለውት ነበር። ጭላቶቹን የጠራቸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ የነገሩኝ አቶ ኑርዬ ናቸው።

ወንድሜ ድምፃቸውን ሳይለውጡ መለሱ።

«ቋጥኝ ነው ያለው። ፀሐይ ስታገኘው ሙቅ አየር ይነሣበታል። መንገደኛ ወፍ በዚያ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የምጠብቃቸው እነሱን ነው።»

አለቃው መነጽሩን ከዓይኑ አወረደና አያቸው።

«እንግዲያው አብረን እንጠብቃለን። ከሄዱ እውነትህን ነው። ካልሄዱ ሰዎቼን ወደዚያ እልካለሁ፤ አንተም ከዚህ አትወርድም።»

ተቀመጡ። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ፀሐይ ከሌለ አየር አይነሣም፤ አየር ካልተነሣ ደግሞ ንስር አይመጣም። ጭላት ሥጋ ካለበት ቦታ ለቆ እንደማይሄድ ከወንድሜ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ጭላቶቹ ወደ ፈፋው ዝቅ ይላሉ፤ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። አለቃው በየመሐሉ መነጽሩን እያነሣ ያያቸዋል። አቶ ኑርዬን ቤተሰብህ የት ነው አላቸው። ደሴ ገብተዋል አሉት። ስንት ናቸው፣ መቼ ሄዱ፣ በማን መኪና እያለ ሲያፋጥጣቸው ወንድሜ ጣልቃ ገብተው እኔ ነኝ ያሳፈርኳቸው ብለው የራሳቸውን ቤተሰብ ጉዞ የአቶ ኑርዬ አድርገው ተረኩለት።

ከታጣቂዎቹ አንዱ በመጠበቁ ተሰላችቶ ወርጄ ልየው አለ። አለቃው ጥቂት ቆይ አለው።

ደመናው የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቋጥኙ ፀሐይ አገኘ። ወንድሜ ወደ ሰሜን ያለውን ሸንተረር ብቻ ያዩ ነበር። በሸንተረሩ ላይ መጀመሪያ አንድ፣ ከኋላውም ሌሎች ንስሮች ብቅ አሉ። ገደሉን ይዘው መጡና በፈፋው አናት ላይ በጭላቶቹ መካከል ገብተው መዞር ጀመሩ። ከሩቅ ለሚያይ፣ ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ አሞራ ነው። ንስሮቹ እየዞሩ ከፍ አሉ። ጭላቶቹ ግን ከታች ቀሩ።

ወንድሜ ከመሬት ተነሥተው ከአለቃው ጎን ቆሙና ወደ ላይ ማሳየት ጀመሩ። ያ ጥቁሩ ንስር አሮጌ ነው፤ ክንፉ ላይ ነጭ መሥመር ያለው የዘንድሮ ልጅ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ማታ የሚያድረው እዚያ ነው፤ ክንፉን እንዲህ ሲያደርግ ሊሄድ ነው አሉት። ዓይኑ ወደ ታች እንዳይመለስ ሳያቋርጡ አወሩለት። አለቃውም አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ተማሪ ተከተላቸው። ንስሮቹ ጫፍ ደርሰው አንድ በአንድ ወደ ደቡብ ነጎዱ።

«ሄዱ» አለ አለቃው።

ወንድሜን ለቀቋቸው። መነጽሩን ግን ወሰዱ። አቶ ኑርዬንም ጥይት ተሸካሚ አድርገው ይዘዋቸው ሄዱ። ወንድሜ በእሱ ፈንታ እኔን ውሰዱኝ ቢሉ ጎኑ የተመታ ሰው ጥይት አይሸከምም አሏቸው።

ወንድሜ ታጣቂዎቹ ከዓይን እስኪሰወሩ ቆይተው፣ የተመታ ጎናቸውን ደግፈው በዙሪያ መንገድ ወደ ፈፋው ወረዱ። ሥጋውን አውርዳችሁ ቅበሩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ ልቀቁ አሏቸው። ሰውም ወደ ሌላ ሸለቆ ተሻገረ። ሐቢባ እዚያው በማግስቱ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወይዘሮ መሪማ ግን ባላቸው መወሰዳቸውን ሲሰሙ ወንድሜን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋቸው።

«እሱ ሲወሰድ አንቱ እንዴት ቀሩ?»

ታጣቂዎቹ አካባቢውን ለቀው ከሄዱ በኋላ ይህ ጥያቄ የመንደሩ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። ዝናው መነጽሩን ሰጥቷቸው፣ ጓደኛውን አሳልፎ ራሱን አተረፈ ተባለ። ሽማግሌዎች ጠርተው ጠየቋቸው። የሆነውን ነገሯቸው። ምስክር አለህ ወይ ሲሏቸው ምስክራቸው የት እንዳለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው እየቀነሰ ሄደ። ከደሴ የተመለሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሕይወት ቤታችንን ትተን ሐይቅ እንግባ ብለው ለመኗቸው። ወንድሜ ኑርዬ ሲመለስ የሚያገኘኝ እዚህ ነው ብለው እምቢ አሉ።

በታኅሣሥ እናታችን አረፉ። የአገር እናት የነበሩ ሴት ናቸው፤ ለቀብራቸው የመጣው ሰው ግን አስከሬኑን ለመሸከም እንኳ የማይበቃ ነበር። ወይዘሮ መሪማ መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። አፈሩ ሲመለስም ሄዱ። ወንድሜ ያን ቀን አላለቀሱም። እኔ ግን በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈርቼላቸው አላውቅም።

አቶ ኑርዬ በጥር ከስተው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። ከወልድያ ወዲያ አምልጠው በእግራቸው ነው የመጡት። የሚወራውን ከቤታቸው ሰሙ። በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ ሰዉ እንዳይበተን ለምነው የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ሲጨርሱም እንዲህ አሉ፦

«ሐቢባም ልጇም በሕይወት ያሉት ዝናው ዋሽቶ ነው። ስለ አሞራ ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለእኔም በነፍሱ ተደራድሯል፤ አልሰሙትም እንጂ።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተሰብስቦ ወደ ወንድሜ ቤት መጣ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ነበሩ። ለእናታችን ያልደረሱትን ልቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ቤቱ ስላልበቃ በግቢው ተቀመጡ። ወይዘሮ መሪማ ገብተው ከወይዘሮ ሕይወት ጎን ተቀመጡ። ወንድሜ እናታቸውን ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሌላ መነጽር ገዝተው ሰጧቸው፤ እሳቸውም ወደ አፋፉ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ይሁን እንጂ የተመታው ጎናቸው ትንፋሽ እየከለከላቸው፣ በኋላም የልብ ሕመም ተጨምሮበት ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዳገቱን መውጣት ተሳናቸው። በደሴ ሲታከሙ ቆይተው መጨረሻቸው በቤታቸው እንዲሆን ስለፈለጉ ተመለሱ። በዚህ ጥቅምት አቶ ኑርዬ በየቀኑ ወደ አፋፉ ወጥተው ያዩትን መጥተው ይነግሯቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ደመና ስለነበር ዛሬ ምንም አላለፈም አሏቸው። ወይዘሮ ሕይወት ደጅ አስወጥተው ደስ እንዲላቸው አንድ አለፈ ቢሏቸው ምን ነበር ብለው ወቀሷቸው። አቶ ኑርዬ ለዝናው የሌለ ንስር አልነግረውም ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ወንድሜ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋቸው ኖሮ ፈገግ ብለው አገኘናቸው።

መምህር ዝናው አያሌው ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ጓደኛቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሕይወትን፣ ልጆቻቸውን ስህንን እና ሳምሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና በየአገሩ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ተለይተውናል። ሐቢባ ከፈፋው ወጥታ የወለደችው ልጅም አባባ ይላቸው ነበርና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቆጥሯል።

ቤተሰቡ ሕመማቸውን ለተካፈሉ፣ ላስታመሙና ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክመው ዳገቱን ለወጡ ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል። በክፉ ቀን የሰው ነፍስ እንደሸሸጉ፣ ፈጣሪያቸው የእሳቸውን ነፍስ በጥላው ሥር ይሸሽግልን።