ጣናን በነሐስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1976፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከንፈሬ አብጧል። አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ አለ። ከጠዋቱ ፈረቃ ወጥቼ በቀጥታ ልምምድ። ፈትል ክፍል ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ውሎ፣ ከዚያ ደግሞ ባሪቶን የሚሉትን ትልቅ የነሐስ ጡሩምባ ታቅፎ መንፋት። እብደት ነው። ግን ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ።

ለፋብሪካችን ማርሽ ባንድ አዲስ ሥራ መጣለት። ማርሽ ግን አይደለም። ጋሽ ተሰማ ራሳቸው የደረሱት ነው። አሠልጣኛችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ፤ አምና ፋብሪካው ከአዲስ አበባ አስመጣቸው። (ከእንግዲህ ጋ.ተ.፣ ፋብሪካውንም ፋብ. እያልሁ ነው የምጽፍልሽ፤ እጄ ደክሟል።) ኖታውን አደሉን። አራት ክፍል አለው፦ ንጋት፣ ታንኳ፣ ነፋስ፣ ፏፏቴ። ግጥም የለው። መፈክር የለው። ሐይቁና ወንዙ ብቻ።

አንደኛው ትራምፔት ነፊ ሙላት፣ በዚህ እንዴት እንሰለፋለን ብሎ ጠየቀ። ጋ.ተ. ዕድሜ ልካቸውን ለሰልፍ እንደነፉ፣ ይኸንን ግን ተቀምጠን እንደምንነፋው ነገሩት። ተቀምጦ የሚነፋ ባንድ! ሙላት እስኪጨርሱ አላመናቸውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8፤ ጠዋት

ንጋትን የምከፍተው እኔ ነኝ። ብቻዬን። አንድ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። መቼ እንደጀመረ ማንም ማወቅ የለበትም አሉ ጋ.ተ.፤ ጉም እንዲያ ነው የሚነሣው። ትናንት ደጋግሜ ሞከርሁ። በሞከርሁ ቁጥር እጃቸውን አንሥተው መዲና፣ ጀመርሽ ይሉኛል።

ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው። ፈጅር ሰግጄ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

ውሃና ሰማይ ገና አልተለያዩም። ደንገሉ ቆሞ ተኝቷል። አንድ ታንኳ አለ፣ ወይም የታንኳ ጥላ፤ ቀዛፊው ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል፣ ጉሙ ላይ እንደተቀመጠ። እሱን ካየሁ ከቆየሁ በኋላ ነው የመቅዘፊያው ድምፅ የደረሰኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ብርሃኑ መቼ እንደመጣ አላየሁም። ዓይኔን አልጨፈንሁም፣ ወላሂ። ግን አላየሁም። ልክ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ቱባውን፣ ከሁሉ ትልቁን ነሐስ፣ የሚነፋው ይርጋ ነው። የቦይለር ሠራተኛ፣ ግዙፍ ሰው፣ ዝምተኛ። በንጋት መካከል ጉማሬ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አጓርቶ ወደ ውሃው ይመለሳል። ትናንት ሁላችን ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ልጅ ሳለ ጉማሬ የአባቱን ታንኳ ገልብጦባቸው እንደነበር ነገረን። ከዚያ በኋላ ሲነፋው ማንም አልሳቀ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10፤ ከልምምድ በኋላ

ጓድ ደሳለኝ መጣ። የፋብ. ካድሬ። በኅዳር የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሐይቁ ዳር ይቀርባሉ፣ እኛም አለንበት፤ ምን እንዳዘጋጀን ሊያይ ነው። ታንኳን ነፋንለት። ግጥሙ የታለ ብሎ ጠየቀ።

ጋ.ተ. አንገታቸውን ነቀነቁና፣ አዎ፣ ለስለስ ይላል አሉት።

ሙላት ሳቁን ዋጠ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ፤ የተናቀ መሰለው። ሰፊው ሕዝብ ያለ ቃል ምን ይገባዋል፣ ግጥም ይግባበት ብሎ ወጣ።

ልጆቹ ሽማግሌው ደፋር ናቸው ይላሉ። እኔ ሌላ ነገር አየሁ። ካድሬው ሲጠይቅ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። አፉ አይታይም ነበር።

ለምን ይኸን እንደጻፍሁልሽ አላውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 12፤ ከመግሪብ በኋላ

ጢስ ዓባይ ውለን መጣን። በፋብ. የጭነት መኪና፣ ሁላችንም ከኋላ ተጭነን። ጋ.ተ. ውሃውን ሳታዩ ፏፏቴን አትነፉም ብለው ነው።

ፊቴ አሁንም እርጥብ ይመስለኛል። ክረምቱ ገና ከወንዙ አልወጣም፤ ውሃው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ለብሶ ይወርዳል። ከታች ጢሱ ይነሣል። በጢሱ ውስጥ ቀስተ ደመና፤ ስንጠጋው ይሸሻል። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ቆሜ ሳየው ስሜም፣ ፈረቃዬም፣ ሁሉም ከራሴ ወጣ።

እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም። ሁላችን እንጮሃለን፤ ምን? ምን? እንባባላለን። ጋ.ተ. ብቻ አይጮሁም። የሁሉንም ጥያቄ በዝግታ ይመልሳሉ፣ ሳሎን ውስጥ እንደተቀመጡ። ዓይናቸው ከአፋችን አይነሣም።

ስንመለስ፣ ከድንጋዩ ድልድይ ወዲህ፣ የውሃው ድምፅ ርቆ ወፍ እንኳ በሚሰማበት ቦታ፣ ከኋላቸው ሆኜ ጠራኋቸው። አልዞሩም። ጮክ ብዬ ደገምሁ። ከፊት የነበረው ይርጋ ዞረ። እሳቸው አልዞሩም።

መኪናው ላይ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ፏፏቴን ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነፋነው። ሁለት ቦታ ላይ ጆሮ ይበጥሳል። የእኔ ባሪቶንና የሙላት ትራምፔት በግማሽ ድምፅ ልዩነት ይጋጫሉ፤ ብረት በብረት ሲፋቅ። ኖታውን አስተያየን። የተጻፈው እንደዚያው ነው። ልጆቹ ተጠቃቀሱ። ጋ.ተ. ፊታችን ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ፈገግ ብለው፣ ሩቅ አገር እንዳሉ።

ሙላት ሽማግሌው አይሰሙም፣ ለካድሬው እነግራለሁ አለ። ካወቁ ያሰናብቷቸዋል። ሚስታቸው ሞታለች፤ አዲስ አበባ በር የሚከፍትላቸው የለም። ይኸን ሥራ ደግሞ ሌላ ማን ያስነፋናል? ትንሽ ቀን ታገሠኝ አልሁት። በግድ እሺ አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15፤ ከዐስር ሶላት በኋላ

ዓባይ ማዶ ሄድሁ፣ ጋ.ተ. ቤት። ይርጋን ይዤ፤ ብቻዋን ወንድ ቤት ገባች እንዳልባል። ባሪቶኔንም ተሸከመልኝ። በር ብናንኳኳ መልስ የለም። ይርጋ በመስኮቱ በኩል እጁን አወዛወዘላቸው።

ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ቀስ ብዬ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ፏፏቴው ላይ።»

«እዚያማ ሁላችሁም እንደ እኔ ነበራችሁ።»

መጀመሪያ የሄደው ቀጭን ቀጭኑ ነው አሉ፤ ወፍ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ትራምፔት። ወፍራሙ ገና ይመጣል፣ በደረታቸው በኩል። የባሪቶኔን አፍ በመዳፋቸው ይዘው ንፊ አሉኝ። ነፋሁ። የሙላትን ድምፅ ይርጋ በፉጨት አወጣው። ያ የሚጋጨው ቦታ ሲደርስ ፊታቸውን አየሁ። ምንም።

ስህተት ነው ወይስ ሆን ብለው ነው አልኋቸው።

«አላውቅም» አሉ። «በሐሳቤ ሲሰማኝ ያምር ነበር። አንቺ ንገሪኝ።»

ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ሁለቱን ቦታዎች ይዣቸው ዞርሁ። ማሽን መካከል አፏጫቸዋለሁ፣ ማንም አይሰማኝ። ክር ተበጠሰብኝ፤ ተቆጣጣሪዋ ገላመጠችኝ። ትናንት እየተራመድሁ ድንገት ገባኝ።

የመጀመሪያው ልክ ነው። ውሃው ገደሉን ሲለቅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ሆድን ባዶ ያደርጋል። ይቆይ። ሁለተኛው ስህተት ነው። እዚያ ውሃው ታች ደርሷል፣ ማረፍ አለበት። ይቀየር።

ነገርኋቸው። እርሳስ አንሥተው ሁለተኛውን ሰረዙና እኔ ያልሁትን ጻፉ። ከዚያ ባንዱን ሰብስበው ጆሯቸው መድከሙን በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ከዛሬ ወዲያ ፊት ቆማ የምትመራን መዲና ናት፣ የእኔ ጆሮ እሷ ናት አሉ።

ሙላት ከእሷ በፊት እኔ ነበርሁ ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ትራምፔቱን አነሣ። ለካድሬው የሚነገር ነገር አልቀረለትም።

ደስ ይበለኝ ልፍራ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ጓድ ደሳለኝ ግጥም ይዞ መጣ። ታንኳን ስትነፉ ይዘመር አለ። ጋ.ተ. እኔን አዩ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ መጀመሪያ ነፋስን ስማልን፣ ግጥሙ የት እንደሚገባ አንተው ታሳየናለህ አልሁት።

ነፋን። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣውን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ደንገሉን ይነካል፣ ቀጥሎ ውሃውን ያሸበሽባል፣ ከዚያ የሰው ልብስ ውስጥ ይገባል። እሱን ነው። ክላርኔት የለን፣ ዋሽንት የለን፤ በነሐስ ብቻ። ትንፋሽ ራሱ ነፋስ ነው ይላሉ ጋ.ተ.።

ካድሬው የቆላ ድባ ልጅ ነው። ሐይቁን ከወዲያ ማዶ ያውቀዋል። ስንጨርስ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከመጀመራችን በፊት ራሱ እንደሚያነበው፣ በላዩ ግን እንደማይዘመር ነገረን። እሱም የሚጠይቀው አለቃ አለው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ስለ ጋ.ተ. ጆሮ ሰምቷል። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24፤ ከጁምዓ መልስ

አባቴ ሰሙ። ሱቃቸው ገበያው መካከል ነው፣ ጨርቅ ሲለካ ወሬውም አብሮ ይለካል። መንፋቴን እስካሁን ያለፉት የፋብ. ትእዛዝ ነው ብለው ነበር። ፊት ቆማ ልትመራ ነው ሲባሉ ምሳ አልበሉም። ዛሬ አስጠሩኝ።

«ያን ሁሉ ሰው ፊትሽን ልታሳዪው ነው?»

«ጀርባዬን ነው የማሳየው፣ አባ። ፊቴ ወደ ባንዱ ነው።»

እማ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አባ ይሁን አላሉም፣ አይሁን አላሉም። መቁጠሪያቸውን አንሥተው ወጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 10፤ ምሽት

ሆነ። ሆነ፣ ማስታወሻዬ።

ከዋርካዎቹ ሥር፣ ከሐይቁ ጎን። ሕዝቡ እስከ መንገዱ። ከእኛ በፊት የነበሩት በከበሮ ያናወጡት ሰው ገና አልበረደም። ጓድ ደሳለኝ ግጥሙን አነበበ፣ ፈጠን ብሎ። ተጨበጨበ። ከዚያ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ ባሪቶኔን አነሣሁ።

መቼ እንደጀመርሁ እኔም አላውቅም። ድምፁ ቀድሞ የነበረ መሰለኝ፤ እኔ ገባሁበት እንጂ። ከኋላዬ የሰው ጫጫታ ቀስ በቀስ ሲወርድ ተሰማኝ። ከዚያ ባሪቶኑን አስቀምጬ እጄን አነሣሁ፣ እነሱም ተከተሉኝ። የይርጋ ጉማሬ ብቅ ሲል ልጆች ተንጫጩ። ነፋስ ላይ ስንደርስ እውነተኛው ነፋስ ተነሥቶ ኖታ በተነብን። ማንም መንፋት አላቆመ። ሙላት ዓይኑን ጨፍኖ ነፋ፤ እንደዚያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። ፏፏቴ መጣ፤ ባሪቶኔን መልሼ አነሣሁ። ያ ይቆይ ያልሁት ግጭት መጣ፤ ከኋላዬ አንዲት ሴት እህ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ውሃው አረፈ።

ጋ.ተ. ይርጋ አጠገብ በወንበር ተቀምጠው መዳፋቸውን ቱባው ላይ አድርገው ነበር። ዓይናቸው ባንዱን አያይም። ሰዉን ነው የሚያዩት፣ ከፊት እስከ ዳር።

ጭብጨባው ሲያልቅ ጎንበስ ብዬ፣ ከማጨብጨባቸው በፊት ዝም ብለው እንደነበር ልነግራቸው ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«አይቼዋለሁ» አሉ።

አባ አልመጡም። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። እራት ላይ ግን ቀና ሳይሉ፣ ያ ወፍራሙ ጉማሬ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ጋ.ተ. ሄዱ። ሐኪም አዲስ አበባ ላካቸው፣ ለጆሯቸው። ካድሬው ነው ወረቀቱን ያስጨረሰው። ይሻላቸዋል የሚል ሰው አልሰማሁም።

ልንሸኛቸው አውቶቡስ ተራ ሁላችን ወጣን። ሙላት ሻንጣቸውን ጫነ። እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ለካ ከንፈሬን ሊያነቡ ይፈልጋሉ። ተናገሪ አሉኝ። ምን ልበል? ከእንግዲህ ሙዚቃ ማን ይደርስልናል አልሁ።

እኔ እንግዳ ነኝ አሉ፤ ሐይቁን ያየሁት በእንግዳ ዓይን ነው። እዚህ የተወለደ ሰው የሚያውቀውን አላውቅም። እሱን አንቺ ጻፊው።

መጻፍ አልችልም ማለት ፈለግሁ። አውቶቡሱ ተነሣ።

ቀኑን ሙሉ ምንም አልሰማሁም። ማሽኑን እንኳ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 23፤ ከሰዓት

ፋብ. ባንዱን አንቺ ያዢው አለኝ። ከፈትል ክፍል ወጥቼ። እስከ ዛሬ አስቤ መልስ ሰጠሁ፦ እሺ። ከዚያ በፊት ሙላትን ረዳቴ ሆኖ እንዲሠራ ጠይቄው ነበር። ኩራቱን ይዞ ሁለት ቀን አስጠበቀኝና እሺ አለ።

አባ ሱቅ ሄጄ ነገርኋቸው። ከዚያ ደፍሬ ጠየቅኋቸው፤ የተወለዱት ወረታ ነው፣ ልጅ ሳሉ ፎገራ ሜዳ ላይ የተኛው የክረምት ውሃ ሲሸሽ ምን ይሰማ ነበር? ሰውን እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ አለ ወይ የሚል ፊት አሳዩኝ። ገዢ መጣ፣ ለኩ፣ ቀደዱ፣ ሸኙ። ከዚያ ተቀመጡ።

ከብቱ ነው አሉ። ውሃው ሲጎድል ከብቱ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። ሺህ ኮቴ በውሃ ውስጥ ሲራመድ ከሩቅ ዝናብ ይመስላል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። እኛ ልጆቹ ቀና ብለን ደመና እንፈልግ ነበር አሉ። አባ ይኸን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሱቁን ጥለው በእጃቸው አሳዩኝ፣ ጨርቁ ላይ እየደበደቡ።

አሁን ባዶ የኖታ ወረቀት ፊቴ ነው። እርሳስ ይዣለሁ። ከበሮ አልጠቀምም፤ ይቀለኛል፣ ግን ውሸት ይሆናል። ትሮምቦኖቹ ይጀምሩ፣ አጫጭር፣ ከሩቅ። አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግየት እያለ፤ ከብት እኩል አይራመድም። ትራምፔቱ ሰማዩን ይያዝ፣ አንድ ድምፅ፣ ጥርት ያለ። ከዚያ በመካከል ባሪቶኑ

ቆይ። ላምጣውና ልሞክረው