ግማሽ ላይ የቆመው ቀስት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት

ዛሬም ግማሽ። ቁልፉን አዞርኩ፤ የናፍጣ ጌጁ ቀስት ንቅንቅ የለም። ትናንት ሀብቴ አንድ ጀሪካን ሙሉ ጨመረበት፤ ግማሽ። ባለፈው ከኒሯቅ ሲመለስ ዳገቱ መሃል ናፍጣ ጨርሶ ቆመ፤ ያኔም ግማሽ።

ደብተሬ፣ ይህቺን መኪና የማማው ላንቺ ብቻ ነው። ሰው ፊት አልጥላትም፣ የአባቴ ናት። ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን ታናሽ ወንድሜ ሀብቴ ይነዳታል፤ ከሰቆጣ ኒሯቅ ገበያተኛ ይጭንባታል። ይጭንባት ነበር ልበል። ዳገቱ ላይ ከቆመ ወዲህ ሰው ሌላ መኪና ይጠብቃል። ፍየላቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ የዋሉ ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም።

እናቴ መሯታል። የወልድያው ሰውዬ ሰኞ መጥቶ ይግዛት ብላለች። መኪናዋ ከሄደች ሀብቴም ይሄዳል። ጓደኞቹ ዓረብ አገር ገብተዋል፤ የሱም ሻንጣ አልጋው ሥር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እኔ የምፈራው ሻንጣውን ነው።

አርፍጃለሁ። መ/ቤት።

ያው ቀን፣ ማታ

መካኒኩን አያ ወልዴን ለምኜ አመጣሁት። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገ፤ ምንም። ጌጁ ሞቷል፣ ከወልድያ ይምጣ አለ። ጌጁ እስኪመጣ ገዢው ቀድሞ ይደርሳል! ተናደድኩ።

ሀብቴ ስልኩን እየነካካ፣ ጌጅ ምን ያደርጋል፣ አባባ በልምጭ ይለካ አልነበር ወይ አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህ ከወንበሩ ጀርባ ልምጭ የሌለው ሹፌር የለም። አባባ ግን ይብስበት ነበር። ለጋ ልምጭ ይቆርጣል፣ በቢላ ምልክት ያደርግበታል፣ በናፍጣ መሙያው ሰድዶ እስከየት እንደረጠበ ያያል። ልምጭ አይዋሽም ይል ነበር። ሀብቴ ያን ቀን ልምጩን ቤት ረስቶ ቀስቱን አመነ፣ ጉድ ሆነ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከምሳ በኋላ

አያ ወልዴ ዘንድ ደግሜ ሄድኩ። አዲስ ከማዘዛችን በፊት አሮጌው በርግጥ መሞቱን አሳየኝ አልኩት። አጉረመረመ፤ መጣ።

ከናፍጣ ታንከሩ የሚመጣውን ሽቦ ነቀለ። ሀብቴ ቁልፉን አዞረ። ቀስቱ ወደቀ፤ ባዶ። አያ ወልዴ ሽቦውን ከመኪናዋ ብረት ጋር አነካካው። ቀስቱ ተነሣ፤ ሙሉ። እኔ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ሀብቴ ስልኩን ኪሱ ከተተና እንደገና አድርገው አለ። ወደቀ። ተነሣ።

ጌጁ ጤነኛ ነው። ሽቦውም ጤነኛ። ሕመሙ ታንከሩ ውስጥ ነው። ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ፤ ናፍጣው ሲጨምር ይወጣል፣ ሲጎድል ይወርዳል፣ ቀስቱ እሱን ይከተላል። የኛው አይወጣም፣ አይወርድም። ምን ያዘው? ጠያቂው ሀብቴ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲጠይቅ ሰማሁት። ደስ አለኝ። አልነገርኩትም፣ ብነግረው ይተወዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ

ነገ ሚካኤል ነው፤ አያ ወልዴ በሚካኤል መፍቻ አይነካም። ስለዚህ ዛሬውኑ ታንከሩ ወረደ። ናፍጣው ወደ ጀሪካን ተገለበጠ። ሀብቴ ክንዱን እስከ ብብቱ ናፍጣ አስነክቶ ተንሳፋፊውን ለማውጣት ይታገላል። እምቢ። ቀስ ብሎ አጋደለው። ወጣ።

ከነሰበቡ ወጣ። ቁራጭ ልምጭ የተንሳፋፊውን ክንድ ሰንጎ ይዞታል። ጠቁሯል፤ የቢላው ምልክት ግን አለ። የአባባ ምልክት። 

ለእናቴ ወስደን አሳየናት። እጇ ላይ አገላብጣ አየችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ተሰብሮ ገባብኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ለልጆቹ ብትነግሪ ወየውልሽ አለኝ። እኔ የልምጩ መሰበር ብቻ መስሎኝ፣ ጌጁን መያዙን መች አወቅሁ።»

ከዚያ ሳቀች። አባባ ካረፈ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ሰውየው ጌጁን ሳያምነው ኖሮ፣ ኖሮ፣ በገዛ ልምጩ ሰንጎት ሄደ! በኽምጥኛ ለልምጩ የሆነ ነገር አለችው። ሀብቴና እኔ ሰምተናል፤ አልጽፈውም፣ የሁለቱ ነው።

ታንከሩ ተመልሶ ታሰረ። ናፍጣው ሲጨመር ቀስቱ ቀስ እያለ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ማታ

ደክሞኛል። ከኒሯቅ ገባን። ሰኞ ጾም ስለሚገባ ገበያው ፍየል በፍየል ነው፤ ቅበላ ነዋ። ስንመለስ መጀመሪያ ማንም አልቀረበንም። ዳገቱ ላይ አብራው የዋለች አንዲት ሴትዮ ሀብቴን ዛሬስ ናፍጣ አለህ ወይ አለችው። ነይ አላላትም፣ አልማለላትም። ገብተሽ ቀስቱን እዪ አላት። አየች። ፍየሏን ጫነች። ሌሎቹ ተከተሉ።

መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ቀስቱ ላይ ነው። ይወርዳል። ሲወርድ እንዲህ ደስ የሚለኝ ይመስልሻል? ሩብ ላይ ሲደርስ ሀብቴ ዳገቱ ሳይጀምር አቆመ። ወርዶ ከመንገድ ዳር ልምጭ ቆረጠ፣ ሰደደ፣ አየ። ሩብ። ለራሱ ሳቅ አለ። ከጀሪካኑ ጨመረ፣ ዳገቱን ወጣን። ሴትዮዋ ስትወርድ ማክሰኞ መቼ ትነሣለህ አለችው።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቤ/ክ መልስ

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠራችኝ። «ለወልድያው ሰውዬ ደውይለት። ነገ እንዳይደክም።» ይኸው ብቻ። ደወልኩ። 

ሀብቴ ክፍሉ ገብቶ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሲጎትት ሰማሁ።  በበሩ አየሁት። ልብሱን አልጋው ላይ ገለበጠ፣ መፍቻና ሽቦውን ከተተበት፣ ተሸክሞ ወጥቶ ከመኪናዋ ወንበር ጀርባ አስቀመጠው። ከአዲሱ ልምጭ ጎን።

ጡሩንባ ይነፋል፣ እኔን ነው። መንዳት ላስተምርሽ ብሎኛል። ዛሬ ይቅር፣ ነገ ይሁን ልለው ነበር፤ ግን እሄዳለሁ። ደግሞ ነፋ። ቀስቱን አይቼ ልንገርሽ።