ጫማዬን ያዋስኩበት ወር

የካቲት 12

ዛሬ አምስት ሰው ደበደብኩ። አንድ አለቃ፣ ሁለት አማት፣ አንድ የቀድሞ ባል፣ አንድ ደግሞ ሊፍት ውስጥ የሚያፏጭ ጎረቤት። ፉጨተኛውን ለሙያው ክብር ስል አፉ ላይ ደገምኩለት።

ሁሉም ወረቀት ናቸው፣ እግዜር ይመስገን። ሆንግ ኮንግ በድልድዩ ላይ ይሮጣል፣ እኔ ከሥሩ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠላቱን እወቅጥለታለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ደንበኞቼ የጠላታቸውን ስም ወረቀት ላይ ይጽፉልኛል፣ ወረቀቱን ጡብ ላይ አጋድሜ በአሮጌ ጫማ እየመታሁ እራገማለሁ፣ ከዚያ አቃጥለዋለሁ። ደንበኛው ቀሎት ይሄዳል። ሐኪም ይሄን ይችላል?

አመሻሽ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ሃምሳ ቢሆናት ነው። ዋይ-ሃን እባላለሁ አለች። የሚመታውን ስም ጽፋ በመዳፏ ሸፈነችው።

«እትዬ፣ እኔ ራሴ ብመታውስ?»

ደንብ አይደለም። መቺዋ እኔ ነኝ። ግን ወገቤን አሞኛል... ጫማውን ሰጠኋት። ስትመታ ወረቀቱን ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች። ፈገግ ብላ ሄደች። እኔም ኮራሁ።

የካቲት 16

ዋይ-ሃን ተመለሰች። በአራት ቀን!

«ሦስት ቀን ሙሉ ቀለለኝ፣ እትዬ። ከዚያ መልሶ መጣ።»

እርግማኑን በቃሏ ይዛዋለች። እጅሽን ልምታው እንዳትቆነጥጪ፣ አፍሽን ልምታው እንዳትሳደቢ... ዜማው ከኔ ይልቅ ለሷ ያምራል። ጡቡ ተሰነጠቀ።

ጎረቤቴ ኩዋን፣ እሷም በዚሁ ሙያ ያረጀች፣ ቀናችብኝ።

«ተመልሳ የመጣችው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው!» አልኳት።

«ከሠራ ለምን ትመለሳለች?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ጮክ ብለሽ አትጠይቂ። የምንበላው በሱ ነው።»

የካቲት 19

መጣች። ሦስት ወረቀት። ሦስቱም ለአንድ ሰው ናቸው አለች፣ መዳፏ ግን አልተነሳም።

የካቲት 21

አላስቻለኝም። መዳፏን አንስቼ ስሙን አነበብኩት። የሴት ስም።

«አማትሽ ናት?»

ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«የባልሽ ወዳጅ?»

«እናቴ ናት።»

እናትየዋ ሰማኒያ ስድስት ሞልቷታል። አእምሮዋ ከሄደ አራት ዓመት። ልጇን አታውቃትም። ሌባ ትላታለች፣ ትቆነጥጣታለች፣ ሩዙን ፊቷ ላይ ትተፋዋለች። ሌላ ልጅ የለም።

«እዚህ የምመጣው እቤት እንዳልመታት ነው፣ እትዬ። ንዴቴን እዚሁ ጥዬው ልሂድ ብዬ።»

ምን ይባላል? ሺህ ዓይነት ስድብ አውቃለሁ፣ ማጽናኛ ግን አልተማርኩም። ጫማውን ሰጠኋት። ለምን ሰጠኋት?

የካቲት 24

ምንም ሳትጽፍ ቁጭ አለች።

«ትናንት ሳጥባት ቆነጠጠችኝ። እጄ ራሱ ተነሳ። እርግማኑም ራሱ ከአፌ ወጣ፣ ከነዜማው... ሰንደል ጫማዬን ይዤ ነበር።»

«መታሻት?»

«ግድግዳውን። ከጆሮዋ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «አጨበጨበችልኝ እኮ። ጨዋታ መስሏት።»

ንዴቷን እዚህ ጥላ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ለካስ እጇን መንገድ ሳስጠናው ነው የከረምኩት። እኔ! የተከበርኩት ባለሙያ!

ጫማውን ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ድብደባ የለም አልኳት።

«እና ምን ላድርግ? ሌላ ጊዜ ግድግዳውን ብስተውስ?»

እኔ ምን አውቄ... «ለመጨረሻ ጊዜ እንቅልፍ ጠግበሽ የተኛሽው መቼ ነው?»

አሰበች። አሁንም አሰበች። በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ ጣቶቿ አለቁባት።

የካቲት 26

በድሮው አቆጣጠራችን ጉንዳኑና ትሉ ከክረምት እንቅልፉ ከመሬት የሚነቃበት ቀን። የከተማው ቂም ሁሉ አብሮ ነቅቶ የሚሰለፈው ዛሬ ነው። ሰልፉ እስከ ትራም ሐዲዱ ደርሷል። በርጩማዬን አጠፍኩ።

«አብደሻል? ዛሬ?!» አለች ኩዋን።

«ቀጠሮ አለኝ።»

ዘጠነኛ ፎቅ፣ የዋይ-ሃን ቤት። ዋይ-ሃንን ተኚ ብዬ ጓዳ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁባት። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ሌባ!»

«አዎ፣ እማማ። ምን ልስረቅልዎት?»

ወደ ኩሽናው ጠቁማ፦ «ድስቱን።»

ድስቱ ከባድ ነው ብዬ ተከራከርኩ። በማንኪያው ተስማማን።

ሩዝ ሳጎርሳት ቆነጠጠችኝ። ክንዴን፣ ጠምዝዛ። የኔም እጅ ብድግ! ማንም ሳያዘው፣ እንደ ወታደር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነ እጅ... ወረቀት የመታ እጅ ሁሉ እንደዚህ ነው? አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሷም ቀና ብላ አየችው። ዝም ብሎ ማውረዱ አሳፈረኝ። ፀጉሯን አበጠርኩበት።

አንገቷን ዘንበል አደረገችልኝ።

መጋቢት 5

አንድ ኮስታራ ወጣት መጣ። ራሴ ካልመታሁ አለ። ጫማ አላውስም አልኩት። ቁጭ በል፣ መጀመሪያ አውራ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ፤ ሳይመታ ሄደ። ኩዋን ሙያውን ገደልሽው ብላ አኩርፋኛለች። ማታ ማታ ምን እንደምታስብ ግን እንጃ፤ ነገ አብሬሽ ዘጠነኛ ፎቅ ልውጣ ወይ አለችኝ።

እናቷን እየያዝኩላት ዋይ-ሃን በሳምንት ሁለት ቀን ትተኛለች። ድልድዩ ሥር ከመጣች ቆየች። ንዴቱ ሄደ? «አልሄደም፣ እትዬ። ሲመጣ ግን በረንዳ ወጥቼ እቆማለሁ።»

ዛሬ ከሰዓት ከጓዳ ወጣች፣ ትራሱ ጉንጯ ላይ ታትሞ። እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷ ብዙ አየቻት።

«ማን እንደሆንሽ እንጃ... ግን ከስተሻል» አለቻት። «በልተሻል?»