ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው ጭጋግ

መርሳ፣ እሁድ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጠዋት ብርድ ነበረ። ከዙህር በኋላ ግን አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነስቶ የማንጎውን ቅጠል ግቢው ውስጥ አራገፈው። ቤት የነበርነው እኔ፣ ልጅሽ ሉብናና አማቷ እመት ቶይባ ነን።

ለእታለሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የታናሽሽ ሰላምታ ውርጌሳ ድረስ፣ እስከ ደጅሽ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ያ የላክሁልሽ ቅባት ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ማሽላው ገባላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዐይኔ ብቻ ትንሽ ደክሟል፤ እሱም ከሥራው ነው። ደውዬ ደውዬ ስላላነሳሽ በወረቀት መጣሁ። ብትቆጪም አንብበሽ ተቆጪ።

የምጽፍልሽ ግራ ስለገባኝ ነው። ግራ ያጋባኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ግን ከካሜራው ልጀምር፣ የሱ ይቀላል።

ትንሿን ካሜራዬን ታውቂያታለሽ፤ የሻይ ኩባያ የምታህለዋን፣ «ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት» ብለሽ የሳቅሽባትን። በሷ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ከውርጌሳ እስከ ወልድያ የሴቶቹን ክፍል ስቀርጽ የኖርኩት። ወንድ ካሜራማን የማይገባበት ቤት እኔን ይጠራል። አስተማሪ እንዳልነበረኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ከካሜራ ሳጥን ውስጥ የተጣለ ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ኔት ሲኖር ከስልክ ላይ እያየሁ፣ ሲበላሽብኝ እያለቀስኩ ነው የለመድኩት። ትንሿን በአንድ እጄ ይዣት ብውል ክንዴን አታዝለውም። ሴቶቹም ትንሽ ሲቆዩ ይረሷታል፤ ሲረሷት ነው ጭፈራው የሚደምቀው።

አሁን ወልድያ ካሜራ የሚሸጠውና የሚጠግነው ሂሻም «የዚች ዘመኗ አልቋል» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ውስጥ ብርሃኑ የሚያርፍበት ሴንሰር የሚሉት ገበታ አለ። የኔዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። የትልልቆቹ ግን ከክብሪት ሳጥን ብዙም አያንስም። ሂሻም እንደሚለው ትንሿን ከታች ስልኩ እየበላት ነው፣ ከላይ ትልቁ እየበላት ነው፤ ፋብሪካዎቹም ፊታቸውን ወደ ትልቁ እያዞሩ ነው። መሐል ላይ የቀረ አይተርፍም አለኝ። እኔም መሐል ላይ የቀረሁ ሴት ስለሆንኩ ትንሽ ከፋኝ።

ከስልክ ላይ የማየው አንድ ሰውዬ ደግሞ ለቪዲዮ ከሆነ ትንሿ ትሻላለች ይል ነበር። ሌንሷ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰዓት ብትቀርጽ አትግልም፣ የሩቁንም የቅርቡንም አጥርታ ታሳያለች እያለ። ደስ ብሎኝ ሳለ ያው ሰውዬ በዓመቱ ትንሿን ሸጦ ትልቁን ታቅፎ መጣ። ሰሞኑን ሳየው ደግሞ ትንሿ ናፈቀችኝ ይላል። ማንን ልመን?

ሂሻም ክፉ ሰው አይደለም። ለሉብና ሠርግ ትልቁን አውሶኝ «እትዬ፣ በሱ ቅረጪና ራስሽ ፍረጂ» አለኝ። ከወደድኩት ትንሿን ከነሌንሶቿ ተቀብሎ ትልቁን ሊሰጠኝ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ ልከፍል ተነጋግረናል። ቀጠሯችን ነገ ነው፤ ከነገ ወዲያ የሚገዛት አይገኝም ብሎኛል። ወልድያ የተከፈተው ስቱዲዮ ልጃገረዶች ቀጥሮ በትልልቅ ካሜራ የሴቶቹን ክፍል መቅረጽ ጀምሯል። አሁን አሁን የሚደውልልኝ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሲኒማ ይመስላል?» ብሎ ነው። ይህ ሥራ ከእጄ ከወጣ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ትልቁ ያስደንቃል። የሠርጉ ዕለት መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ጨለማ ነበር። በትንሿ ቢሆን ምስሉ ሽርክት እንደበዛበት ዱቄት ይሻክር ነበር። በትልቁ ግን ሉብና እንደ ወተት ጠራች፤ ሂና የተቀባው ጣቷ፣ የቅንድቧ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። ከሷ በስተጀርባ ያለው ሁሉ ግን ጭጋግ ነው። ሂሻም ውበቱ ይኼ ነው፣ ሲኒማ ማለት ይኼ ነው ይላል። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ብታጠብቢው ኋላውም ይጠራ ነበር ይላል ደግሞ። ባጠብበው ግን ክፍሉ ይጨልማል። አየሽ? አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል።

ዛሬ ታዲያ ሉብና ከእመት ቶይባ ጋር ፊልሙን ልታይ መጣች። ባሏ አሚር ለሥራ ወልድያ ስለሄደ እዚሁ እንድታድር አማቷ ፈቅደውላታል። ከስታ ይሆን ብለሽ እንደሆነ፣ ደህና ናት፤ ፊቷም ሞልቷል። ጫማዋን ግን ዛሬም እንደ ልጅነቷ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ጥላው ነው የምትገባ። አንቺ ነሽ ያባለግሻት፤ ጠዋት ጠዋት ከኋላ ከኋላዋ እያለሽ ስትወጣ እግሯን እንድታስገባበት አፉን ወደ ውጭ አዙረሽ ታስቀምጪላት ነበር። ትምህርት ብላ እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላ እኔ አልቻልኩበትም፤ ራስሽ አስተካክይ እላት ነበር።

እመት ቶይባ የሠርግ ፊልም የሚያዩት ለውበቱ አይደለም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብለው ነው። ነገ የማን ልጅ ሲዳር መገኘት እንዳለባቸው የሚያውቁት ከዚያ ነው። ገና ጥቂት እንዳየን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና «ምነው ልጄ፣ ሠርጉን አምባሰል አፋፍ ላይ ነው እንዴ የደገስነው? ይኼ ሁሉ ጭጋግ ከየት መጣ?» አሉኝ። ሉብና ሳቀች። እኔ የዘመኑ አቀራረጽ እንደዚህ እንደሆነ፣ ዐይን ሙሽራዋ ላይ እንዲያርፍ ተብሎ እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ።

«ሙሽራዋንማ አውቃታለሁ፤ ቤቴ ነው ያለችው» አሉ። «እኔ ማየት የፈለግሁት የመጣልንን ሰው ነው።»

ከጭጋጉ ውስጥ ሰው በሻሽ ቀለም ሲለዩ ዋሉ። ይቺ አረንጓዴዋ የእገሌ ሚስት ትሆን? ይቺ ቀይዋስ? የቀረጽኳትን ሴት እኔም አላውቃትም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ነገር መጣ። ትልቁ ካሜራ ፊት ሲያገኝ ራሱ መርጦ የሚያጠራው ነገር አለው። ሉብና ተቀምጣ ሳለ ካሜራው በድንገት እሷን ትቶ ከኋላዋ ወዳለው የጓሮ በር ሄደ፤ እዚያ የቆመች አንዲት ሴት ጥርት ልትል ስትል ተመልሶ ሉብና ላይ አረፈ። የመለስኩት እኔ ነኝ። ካሜራው የተሳሳተ መስሎኝ መስታወቱ ላይ ሙሽራዋን በጣቴ ነካሁለት። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ጥላ ሆና ትንሽ ቆማ ሄደች።

እመት ቶይባ ይቺስ ማን ናት ብለው ጠየቁ። አላወቅኋትም አልኩ፤ እውነቴን ነው። ሉብና «መንገደኛ ትሆናለች፣ እልልታ ሰምታ የገባች» አለች። እመት ቶይባ ክፉ ሳያስቡ፣ ምናልባትም እያሰቡ፣ መንገደኛ እንኳ ገብቶልናል አሉ።

ያኔ ልጅሽ ቴሌቪዥኑን እያየች በቀስታ እንዲህ አለች፦ «እናቴ ግን አልመጣችም። እኔም ደጇን አልረግጥም። ልጅ ብወልድም አላሳያትም።»

ይህን የምጽፍልሽ ላቆስልሽ አይደለም። ሽማግሌ ወደ አጎቷ፣ ወደ ሟች አባቷ ወንድም፣ ሲላክ ላንቺ እንዳልተነገረሽ፣ የልጅሽን መታጨት ከገበያተኛ እንደሰማሽ አውቃለሁ። ሳልጠየቅ የተዳረች ልጅ ሠርግ አልመጣም ያልሽውን መልእክት ያደረስኩትም እኔው ነኝ። አንቺም እውነትሽን ነው፣ እሷም እውነቷን ነው። እኔ መሐል ላይ ነኝ። አሁን እዚህ ላይ ነው ግራ የሚገባኝ። ያቺ ሴት ማን ናት? ሰው የተጠራበት ሠርግ ገብቶ ሳይበላ፣ ሳይመርቅ፣ በጓሮ በር ቆሞ ይሄዳል?

እመት ቶይባ ሲሄዱ ሰዉ የሚታይበት ፊልም እንድሠራላቸው አደራ ብለውኛል። ትንሿ ካሜራ ለመጠባበቂያ ቁምሳጥኑ ላይ ወደ ጓሮ በሩ ዞራ ስትቀርጽ ነበር። የሁለቱ ቀለም አይገጥምም ስለተባልኩ የሷን ከፍቼም አላየሁት። ጠዋት፣ ለሂሻም ይዣት ሳልሄድ፣ አየዋለሁ። ሉብና ተኝታለች። እዚህ ላይ ላቁም።

ሰኞ ጠዋት።

እታለሜ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያደረግሁትን እንዳደረግሁት እጽፍልሻለሁ።

ድምፁን ዘግቼ የትንሿን ምስል ከፈትኩ። ሻካራ ነው፤ ለሰው የሚያሳዩት አይደለም። ግን ከቅርቡ ፔርሙዝ እስከ ሩቁ የጓሮ በር፣ ከበሩ ማዶ እስካለው የበቆሎ አገዳ ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። በሩ ሥር የሴቶቹ ጫማ ተከምሯል።

ሴትየዋ መጣች። ፊቷን እስከ ዐይኗ በሻሿ ሸፍናለች። ደፉን አልተሻገረችም። የሙሽራዋን ጀርባ አየች። እኔም ትልቁን ካሜራ ይዤ ከፊት እታያለሁ፤ ጣቴን አንስቼ መስታወቱን ስነካ እታያለሁ። ከዚያ ሴትየዋ ጎንበስ አለች። ከክምሩ ውስጥ የሉብናን ነጭ ጫማ ፈልጋ አወጣች። አቧራውን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ጎን ለጎን አድርጋ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችው። ሲያቅፏት፣ ሲሸኟት፣ ሙሽራዋ ሳትፈልግ እንድታገኘው። ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ ነው። ሻሹ እዚያ ላይ ወረደባት፤ ፊቷ ይታያል።

ማን እንደሆነች አልጽፍም። ሸፍና የመጣችን ሴት እኔ አልገልጣትም።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ሉብና ወጣች። ወደ መሬት እንኳ ሳታይ እግሯን አስገባችና ሄደች።

ካርዱን አወጣሁና ከካሜራው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለእመት ቶይባ ያንን ቦታ ቆርጬ የቀረውን እሰጣቸዋለሁ። ለሂሻም ደወልኩለት፤ ትንሿን እንደማልሰጥ፣ ትልቁን አሚር ከወልድያ ሲመለስ በሱ እጅ እንደምልክለት ነገርኩት። «እትዬ፣ ትቆጫለሽ» አለኝ። ምናልባት አልኩት። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ስትሰበር የሚጠግናት አይኖር ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሠርግ የሚጠራኝም አይኖር ይሆናል። አላውቅም። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።

ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። የሉብና ጫማ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ወድቋል። ጎንበስ አልኩና አነሳሁት። በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት። ጎን ለጎን አድርጌ አፉን ወደ ውጭ አዞርኩት። ወደ ማድቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩ።

ሉብና ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ እግሯን አነሳችና ቆመች። ጫማውን አየችው።

«አክስቴ፣ የሠርጌም ዕለት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም» አልኳት። «እኔ ካሜራ ይዤ ነበር።»

ታዲያ ማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ጫማው ውስጥ ሳትገባ፣ በባዶ እግሯ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሻይዋ በረደ። ሌላ ቀዳሁላት፤ እሱም በረደ። በኋላ ቀና ብላ ወደ ውርጌሳ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠየቀችኝ። ይህን ደብዳቤ እስክጨርስ ጠብቂኝ አልኳት። ይኸው ለብሳ ቆማ እየጠበቀች ነው። የምታመጣልሽ እሷ ናት። ያየሁትን አልነገርኳትም፤ መንገሩም አለመንገሩም ያንቺ ነው።

አላህ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ። ቤትሽን ሰላም፣ ምሶብሽን ሙሉ ያድርገው። ረመዳንን በአንድ ማዕድ ያስፈጥረን። የልጅ ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳቅ ያብቃሽ።

ስትደርስ እንደምታውቂው ጫማዋን በርሽ ላይ ጥላው ትገባለች።

ታናሽ እህትሽ