ዛፉ ባዶ አልነበረም

ውድ አጎቴ ኤልደን፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ደረቅ አየር ተስማምቶታል ብላ ልጅህ ሌኖራ ነግራኛለች። እዚህ ከጥቅምት ወዲህ ዝናቡ አላባራም፤ የባሕሩ ጭጋግ እስከ ደጄ ይወጣል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ዋናውን ነገር ለማዘግየት እንደሆነ መቼም አይጠፋህም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥፋት ሳጠፋ ስለ አየሩ ማውራት ልማዴ ነው።

እንግዲህ ልናገረው። የዛሬ ሦስት ዓመት በየካቲት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ዛፍ ባዶ አልነበረም። ውሻህ ዲያቆን አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ያን ጠዋት እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ግንድ ጫኝ መኪኖች በሚመላለሱበት መንገድ፣ ጭቃው ላይ ትኩሱን ዳና ያየኸው አንተ ነህ። ጓንትህን አውልቀህ በጣትህ ለካኸውና «ቦብካት ናት፤ ትልቅ የዱር ድመት። አምስት ክረምት ስታመልጠን የኖረችው እሷ ሳትሆን አትቀርም» አልክ።

ጎረቤትህ ሃርሊን «ስሟንም ንገረን እንጂ፣ አጅሬ!» ብሎ ሳቀብህ።

ዲያቆንን ከፒክአፑ አውርደህ ፈታኸው። አፍንጫውን ጭቃው ላይ ደፋ፣ አንዴ ብቻ ጮኸና ጥዱ ውስጥ ገባ።

ጉልበትህ ቁልቁለቱን እምቢ ስላለህ፣ አንተና ሃርሊን ሸንተረሩ ላይ ቀርታችሁ እኔ ጠመንጃውንና የመገናኛ ሬዲዮውን ይዤ ወረድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ በወደቀ ግንድ ላይ እየተንጠላጠልኩ፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ እየተንሸራተትኩ የዲያቆንን ድምፅ ተከተልኩ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ረጅምና የሚያላዝን የነበረው አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ሆነ።

«ዛፍ ላይ አወጣት!» አልክ በሬዲዮው። «ማርቫ፣ አወጣት! ፍጠኚ!»

ሁለት ሸለቆ ማዶ ቆመህ በጆሮህ ብቻ አወቅህ። ልክ ነበርክ፣ አጎቴ።

ስደርስ ዲያቆን የፊት እግሮቹን ግንዱ ላይ ሰቅሎ ይጮሃል። ዛፉ ወደ ባሕሩ ያዘመመ አሮጌ ጥድ ነው። ቀና አልኩ። ከራሴ በላይ አምስት ክንድ በማይሞላ ከፍታ፣ ቅርንጫፍ ላይ፣ የዛፍ ሽበት መሃል ተቀምጣለች። ሆዷ ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎበታል። ያች አጭር ጅራቷ አልተንቀሳቀሰችም። አንዱ ጆሮዋ ግማሹ የለም። ጢሟ ላይ የዝናብ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አየችኝ፤ ከዚያ እንደማልረባ ነገር ተወችኝና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

ያኔ ጭጋጉ ተከፈተ። ባሕሩ እንዳለ ከበታቻችን ወጣ። ብርሃኑ ከውኃው ተነስቶ እሷ ላይ ሲያርፍ ፀጉሯ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆነ፤ ትንፋሿ ሲተን ይታየኛል። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ይሰማሻል ተብዬ አንድም ቀን ተሰምቶኝ የማያውቀው ነገር ያን ጠዋት ተሰማኝ። ጠመንጃውን ከትከሻዬ አላወረድኩም።

ይህን ደግሞ ማንም አያምነኝም፤ ዲያቆን ዝም አለ። ቁጭ ብሎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ እንደኔው ሽቅብ ያያት ጀመር።

«ማርቫ! አለች?» አለ ድምፅህ።

«የለችም» አልኩ። «ዛፉ ባዶ ነው።»

መልሰህ ጠየቅኸኝ፤ «ደህና አድርገሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ዲያቆንን አስሬ ጎተትኩት። አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ዛፉ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ እንደገና ወደ ዛፉ ዞረ። እስከ ፒክአፑ ድረስ እየጎተትኩ ነው ያመጣሁት።

ሃርሊን «ዲያቆናችን ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሰብክ ዋለ በሉኛ!» አለ። አንተ አልሳቅህም። ስድስት ዓመት ሙሉ «የኔ ውሻ አይዋሽም» ብለህ በአደባባይ የማልክለት ነበር። ባዶ ዛፍ ላይ የጮኸ ውሻ እኛ ዘንድ ውሸታም ተብሎ ከአደን እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አንገት ማሰሪያውን በገዛ እጅህ ፈትተህ «ውሰጂው፣ ግቢሽን ይጠብቅ» አልከኝ። ወሰድኩት። አፌን ግን አልከፈትኩም።

በመጀመሪያ፣ እውነቱን ብነግርህ በማግስቱ ተመልሰህ ትገድላታለህ ብዬ ፈራሁ። ቆይቶ ደግሞ አፈርኩ። አሁን ሳስበው ግን ስንቱን ቀን «ይቺስ ትሂድ» ብለህ ውሾችህን ከዛፍ ሥር ጠርተሃል! ያን ቀንም እንደዚያው ልታደርግ ትችል ነበር። ምርጫውን ነጠቅሁህ። እይታውንም ነጠቅሁህ። አምስት ክረምት የደከምክባትን ድመት እኔ ብቻዬን አይቻት መጣሁ።

ማደን የተውከው በጉልበትህ ምክንያት ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ባለፈው እሑድ ሃርሊን ቤቴ መጥቶ አንተ በስልክ ያልከውን ነገረኝ፤ «ጆሮዬ ከዳኝ። ያን ቀን በእርግጥ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን አላምንም።»

እዚያው ወጥ ቤቴ ውስጥ ሁሉንም ለሃርሊን ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ ልጅ!» አለ። «ሦስት ዓመት እኮ ነው የሳቅሁበት።»

ከዚያ ከሳህኑ ላይ የተረፈውን በጭስ የደረቀ ሳልመን ዓሣ ይዞ ወጣና ዲያቆን ፊት በርከክ አለ። «ጌታው፣ አፉ በለኝ» ሲል ሰማሁት። ሲነሳ ዓይኑን ጠረገ፤ ቅዝቃዜው ነው አለኝ።

ድመቷን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ዲያቆን አርጅቷል፣ አፉ ዙሪያ ነጭ ሆኗል፤ ግን በደንብ ይራመዳል፣ ይበላልም። ቅዳሜ ማለዳ መኪናዬ ላይ አሳፍሬው ተራራውን አቋርጬ እመጣለሁ። ከሰዓት በፊት እንደርሳለን። እኔን ደጅ ልታቆመኝ ትችላለህ፤ መብትህ ነው፣ መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። እሱን ግን አስገባው።

የእህትህ ልጅ፣
ማርቫ