በበጀት ነፃነት አንደኛ ስለወጣው ማዘጋጃ ቤታችን

ለክቡር የበጀት ሥልጣን ክፍፍል መለኪያ መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የእኛን ኑሮ ከእኛ አብልጦ ለሚያውቀው ኮምፒውተርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ የአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሒሳብ ሹም ነኝ። መምሪያዎ ከማዕከል ወደ ታች የወረደውን የበጀት ሥልጣን ለክቶ ዘንድሮ ከተማችንን አንደኛ ስላደረገልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ በላኩልን የምስክር ወረቀት ቀለሙ የተላጠውን ግድግዳ እንደሸፈንንበት ስገልጽ ደስታ ይሰማኛል።

ደስታዬን ግን የጤና ጣቢያችን አዋላጅ የሆነችው ታናሽ እህቴ አልተጋራችኝም። የጤና ጣቢያው የውሃ ፓምፕ ከተቃጠለ ወራት አልፈዋል፤ እሷም ወላድ በመጣች ቁጥር ጀሪካን ይዛ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። አንደኛ መውጣታችንን ስነግራት፣ እሰይ፣ እንግዲህ እጄን በወረቀቱ እታጠባለሁ ብላኝ ፊቷን አዞረች። እኔም ግራ የገባኝን ለክቡርነትዎ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ መለኪያዎ የሚቆጥረው በእኛ ሒሳብ በኩል ያለፈውን ገንዘብ ሁሉ ነው። ገንዘቡ ግን ጠዋት ከእናንተ ሲመጣ ለማን፣ ለምንና መቼ እንደሚከፈል ተወስኖለት ይመጣል፤ እኛ የምንፈርመው ፈርመን ሳይመሽ እንሸኘዋለን። ይህ ነፃነት ከተባለ፣ የባንኩ ዘበኛ ከሁላችንም የበለጠ ነፃ ሰው ነው፤ ስንቱ ገንዘብ በፊቱ ያልፋል!

ሁለተኛ፦ አንድ ጠጋኝ የተቃጠለውን ፓምፕ ሞተር ፈትቶ አይቶ የግማሽ ቀን ሥራ መሆኑን ስለነገረን፣ «ለበጀት ነፃነት ማጠናከሪያ ሥልጠና» ተብሎ ተልኮ የሥልጠናው ቀን ባለመቆረጡ ሒሳባችን ውስጥ የተኛውን ገንዘብ ወደ ጥገናው እንድናዛውር ፈቃድ ጠይቀን ነበር። ክቡርነትዎ በውብ ፊርማዎ አስጊጠው በላኩልን መልስ፣ ገንዘቡን ከተመደበለት ሥራ ውጪ መንካት ነፃነታችንን የሚሸረሽር መሆኑን አስረድተውናል። እኛ ከራሳችን ነፃነት ጋር ያለን ጠብ ይህን ያህል መሆኑን አናውቅም ነበር፤ ስላገላገሉን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ ይህን የምጽፈው ከአክብሮት ሳይሆን ከንዴት ነው። አንደኛ የወጣ ከተማ ራሱን ችሏል ተብሎ የከርሞው የጥገና ድጎማ ተሰርዞብናል። ከገበያችን የሚሰበሰበው ግብር ግን እንደ ወትሮው ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ሲወርድ የሚለካ እንጂ ሲወጣ የሚለካ ባለሙያ የላችሁም መሰል። ኧረ ጉድ ነው! እህቴ ደግሞ በቆሸሸ እጅ እናትም ልጅም አልገድልም፣ ውሃ ካልመጣ የማዋለጃ ክፍሉን ቆልፌ እሄዳለሁ እያለች ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደግመው ሲለኩን በእጃችን ስላለፈው ገንዘብ ሳይሆን፣ ከእሱ ውስጥ ስለ ምን ያህሉ ራሳችን መወሰን እንደቻልን ይጠይቁን። መልሱ በጣም አጭር ስለሆነ የመምሪያዎን ውድ ጊዜ አይሻማም።

ከመወሰን በቀር ሁሉ የተፈቀደልኝ፣ የመጣውን ሁሉ ፈራሚ፣ ለሰንጠረዦችዎ ጥልቅ አክብሮት ያለኝ ታዛዥዎ፣
የማዘጋጃ ቤቱ የሒሳብ ሹም

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ እህቴ የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። ከዛሬ ጀምሮ የከተማችን እናቶች በየቤታቸው ይወልዳሉ። ሥልጣኑ ከማዕከል ወርዶ፣ እኛንም አልፎ፣ እስከ መኝታ ቤት ደርሷልና፣ እባክዎ ነጥባችንን ከፍ ያድርጉልን።